አራት ጎማ ለመግዛት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል?

መኪናዋን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት በቅቶኝ ነበር። ጎማዋን ለመምረጥ ግን ይኸው ሁለት ወር አለፈኝ። እናንተ ሱቅ ገብታችሁ አራት ጥቁር ክብ ነገር ገዝታችሁ የወጣችሁ ሰዎች፣ እንዴት ቻላችሁበት?

የስፖርት መኪናዬ የኋላ ጎማዎች ጥርስ ተበልቶ 2 ሚሊሜትር ያህል ቀርቷል። የብዙ አገሮች ሕግ እስከ 1.6 ሚሊሜትር ስለሚፈቅድ ከሳሽ የለብኝም። ዝናቡ ግን ሕግ አያውቅም። ባለፈው መታጠፊያ ላይ የተኛ ውኃ ውስጥ ስገባ፣ ያለ ፈቃዴ ኋላዋ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ያን ማታ «ነገ ጎማ እገዛለሁ» ብዬ ተኛሁ። ያ ነገ እስካሁን አልነጋም።

መጀመሪያ ከቁጥሩ ጋር ተጣላሁ። የፊት ጎማዬ ጎን ላይ 245/35 አር 19፣ 93 ዋይ የሚል ተጽፏል። 245 በሚሊሜትር የተለካ ስፋት ነው። 35ም ሚሊሜትር መስሎኝ ስንቱን ሰው ተከራክሬያለሁ! ለካ የስፋቱ 35 በመቶ ማለት ኖሯል፤ ስለዚህ የጎማው ጎን ቁመት 86 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 19 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሚሊሜትር፣ መቶኛና ኢንች በአንድ መስመር! 93 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 650 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ዋይ ማለት በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይችላል። ፊደሉ ዋይ መባሉ ተገቢ ነው፤ ዋጋው ሲነገራችሁም የምትሉት ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ቻልኩ እንበል። የምፈልገውን ግን አንዱም አይነግረኝም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ጎማው ግማሹ ካለቀ በኋላ በእርጥብ መንገድ ላይ ምን ያህል ይይዛል? ስንት ጊዜስ ይቆይልኛል?

«ለቆይታው ትሬድዌር የሚባለውን ቁጥር ተመልከት» አሉኝ። ተመለከትኩ። አንዱ 300፣ ሌላው 340። ደስ ብሎኝ 340 ወዳለው ሄድኩ። ኋላ ስረዳ፣ የፈተናውን ሥርዓት ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት ቢሆንም ፈትኖ ቁጥሩን የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው። ተፈታኙም አራሚውም አንድ! የአንዱን ፋብሪካ 300 ከሌላው 340 ጋር ማወዳደር፣ ሁለት ተማሪዎች ለራሳቸው የሰጡትን ውጤት ማወዳደር ነው። ቶሎ የሚያልቅ ጎማ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ የአንዳንድ አማተር ውድድሮች ደንብ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ቁጥር 200 ሲያደርገው ደግሞ፣ ልክ 200 የተጻፈባቸው ለውድድር የሚስማሙ ጎማዎች ገበያውን ሞሉት። እንዴት ያለ መገጣጠም ነው!

የአውሮፓው መለያ ይሻላል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ያለውን ፍሬን ከኤ እስከ ኢ ባለው ፊደል ደረጃ ይሰጣል። ግን የሚፈተነው አዲስ ጎማ ነው፤ ያውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ። እኔን ያስደነገጠኝ ያረጀ ጎማ፣ መታጠፊያ ላይ።

የኮከቡን ጉዳይ ደግሞ ስሙልኝ። ስሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ መልኩ አንድ የሆነ ጎማ ሁለት ዋጋ ተጽፎበት አየሁ። ልዩነቱ አንደኛው ጎን ላይ ያለች ትንሽ ኮከብ ናት። ኮከቧ የቢኤምደብልዩ ናት፤ ፖርሽ ኤን የሚል ፊደል ከቁጥር ጋር፣ መርሴዲስ ኤምኦ ያስጽፋሉ። ፋብሪካው ለዚያ መኪና ብሎ ያዘጋጀው ነው ማለት ነው፤ የጎማው ቅመምም ሆነ የውስጥ አሠራሩ ሊለይ ይችላል። ታዲያ ሰው «ይህንን ጎማ ነድቼዋለሁ፣ ግሩም ነው» ሲለኝ የትኛውን ነው የነዳው? ባለ ኮከቡን ወይስ ኮከብ የለሹን? ብጠይቀው እሱም አያውቅም።

መካሪ አላጣሁም። ሁሉም የገዛውን ያወድሳል፤ ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ማን ራሱን ያማል? ለሙቀትም ለብርድም የሚሆን የአራት ወቅት ጎማ ግዛ የሚለኝም አለ። እኔ የምፈልገው ለሙቀት ወራት የተሠራው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መያዝ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በብርድ ስለማልነዳት ይህኛውን ክርክር ቶሎ ዘጋሁት።

በመጨረሻ ወሰንኩ። ወሰንኩ! ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። «የፊቱ አለ፣ የኋላው የለም» አለኝ። የእኔ መኪና የኋላ ጎማ ሰፋ ያለ ነው፣ 265። የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር አይቻልም፤ ፊትና ኋላ የተለያየ ዓይነት መግጠምም መኪናዋን ጠባየ ብዙ ያደርጋታል። መጀመሪያ የሚያልቀው የኋላው መሆኑን እያወቁ የፊቱን ብቻ የሚያከማቹት ለማን ነው?

«በሁለት ሳምንት ይገባል» ስላለኝ የፊቶቹን ገዛሁ። ስመጣ ጎናቸው ላይ ያለውን የምርት ቀን አነበብኩ፤ አራት አኃዝ ነው፣ ሁለቱ ሳምንቱን ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። አንደኛው ከወንድሙ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ስደውልለት «ሁለቱም አዲስ ናቸው» አለኝ።

ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ቆየ። ጎማዎቹ ሳሎን ውስጥ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ባለቤቴ ጨርቅ አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አኑራባቸዋለች። ትናንት የመጣ እንግዳ «ጠረጴዛው ያምራል፣ ከየት ገዛችሁት?» ብሎ ጠየቀን።