ይድረስ ለክቡር አቶ የቤት ኪራይ ጭማሪ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትንሽ ዐረፍ እንዲሉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ደኅንነትዎን አልጠይቅም፤ እርስዎ ወፍረው እንጂ ከስተው አያውቁም። ባለፈው ወር ወደ ሰርቪስ ቤቴ ብቅ ሲሉ ቡና እንኳ ሳላፈላልዎት በመመለስዎ ይቅርታ። ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ሆኖብኝ ነው። ካውያም ክልክል ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንግዳም እንደዚሁ። እርስዎን ግን እትዬ አከራዬ ራሳቸው እጅዎን ይዘው አስገቡዎት። "ልጄ፣ መቼም ኑሮውን እያየኸው ነው..." አሉ። ይህችን ንግግር ጨርሰዋት አያውቁም፤ የሚጨርሳት የእኔ ደመወዝ ነው።

ሕግ ወጣብዎት ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016፦ ውል ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ እሱም በተተመነው ልክ። ለእትዬ አነበብኩላቸው። "ጎሽ፣ ደግ ሕግ ነው" ብለው አመሰገኑና ልጃቸው ከአሜሪካ ስለሚመጣ ቤቱ እንደሚፈለግ ነገሩኝ። ይህ ልጅ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁለት ተከራዮችም ሊመጣ ነው እየተባለ አስወጥቷል። አውሮፕላኑ የት እንደቀረ እንጃ! እናም ተስማማን፤ አንዱ ዋጋ በውሉ ላይ፣ ሌላው በእጅ።

የዘር ሐረግዎንም ቆጥሬያለሁ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይም ቀነሰ፤ ተከራይ እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ የቀበሌ ጭቃ ቤቶችም አዳሽ አጥተው አረጁ። ቀጥሎ መሬት በጨረታ የሚሰጥበት ሊዝ መጣ፤ ባለመሬቱ አንድ፣ እሱም መንግሥት፣ ተጫራቹ እልፍ። ያኔ ነው እርስዎ ጡንቻ ያወጡት። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዘገብን፣ በ2005 እንደገና ተመዘገብን፣ ቆጠብን። በ2014 ዕጣ ወጣ፣ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። ላም አለኝ በሰማይ! ቀደም ብሎ ዕጣ ከደረሳቸው መካከልም ስንቱ ዛሬ አከራይ ሆኖ የእርስዎ ባልደረባ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እርስዎ አዋጅ እንደማይፈሩ ደርሼበታለሁ። የሚፈሩት "የሚከራይ ቤት አለ" የሚል ወረቀት በየአጥሩ ሲበዛ ነው። ቤቱን በዕጣ ሸጦ ከመገላገል፣ ሁልጊዜም በኪራይ ብቻ የሚሰጥ የመንግሥት ቤት ቢሠራ፣ ለማከራየት ለሚገነባም መሬት ያለ ጨረታ ቢሰጥ፣ እትዬ ራሳቸው ቡና አፍልተው ይለምኑኝ ነበር። ይህን ሐሳብ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

ሰፈራችን ካለው ባንክ በረንዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ አለ። ቀን አፓርታማ ሲገነባ ይውላል፣ ማታ ካርቶኑን ያነጥፋል። ዓምና የእኔን የመሰለ ሰርቪስ ነበረው፤ ያስወጡት እርስዎ ነዎት። ትልቅ ስብሰባ ሲቃረብ ለከተማዋ ገጽታ ሲባል ከነካርቶኑ በመኪና ይጫናል፣ እንግዶቹ ሲሸኙ ይመለሳል። እርስዎን የሚጭን መኪና ግን እስካሁን አላየሁም።

ከማይቋረጥ ሰላምታ ጋር
ተከራይዎ

ግልባጭ፦
ለእትዬ
ለደላላው፣ ከነኮሚሽኑ
ለበረንዳው ወዳጄ፦ በግድግዳው በኩል አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ እንዲይዝልኝ