ድንኳኑን የገዛልን ሰው

የአቃቂ ሰዎች፣ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ ሀብታምን የምንመዝንበት ሚዛን ተዛብቶብናልና ስሙኝ።

ባለፈው የእድር ስብሰባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በሰፈራችን አራት ወፍጮ ቤት ነበር። ሦስቱን አንድ ሰው ገዛቸው። ለጥቂት ወራት የማስፈጫ ዋጋ ቀነሰ። አራተኛው መቋቋም አቅቶት ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ከድሮውም በላይ ወጣ። እንጀራ ጋግረው ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ተነሥተው ሂሳቡን በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያስረዱ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «የተቀመጥንበትን ድንኳን ማን ገዛልን?» እናታችን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጭ አሉ። ማናችንም አልተነፈስንም። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኩራዝ ያጠናን ሁሉ ላምባን እናውቃለን። አሜሪካዊው ጆን ዲ. ሮክፌለር የከበረው በላምባ ነው፣ መኪና ገና ሳይመጣ። ስታንዳርድ ኦይል የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። በ1872 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ከነበሩት 26 ተፎካካሪ የነዳጅ ማጣሪያዎች 22ቱን በጥቂት ሳምንታት ጠቀለለ። ከባቡር ኩባንያዎች በድብቅ ቅናሽ ያገኝ ነበር፤ ሌላው በሙሉ ዋጋ ይጭናል። ውሎ አድሮ ከአገሩ የነዳጅ ማጣራት ሥራ 90 በመቶ ገደማ እጁ ገባ። እርግጥ የላምባ ዋጋ ረክሷል፣ የድሃ ቤትም በርቷል። ይህን መካድ አይገባም።

ሰጪም ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1890 የተመሠረተው በእሱ ገንዘብ ነው። ያገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶናል ብሎ አላለፈውም፤ በ1911 ኩባንያውን 34 ቦታ በተነው።

በ1913 ደግሞ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ዛሬም ሰው የሚያድነው የቢጫ ወባ ክትባት የተገኘው በዚያ ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ነው። ፋውንዴሽኑ በቆመ በዓመቱ ግን ኮሎራዶ ውስጥ ሉድሎ በሚባል ቦታ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ላይ ነበሩ። የሮክፌለር ቤተሰብ በማዕድን ኩባንያው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሠራተኞቹ ከኩባንያው ቤት ተባርረው ከነልጆቻቸው ድንኳን ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ወታደሮችና የኩባንያው ጠባቂዎች ተኮሱባቸው፤ ድንኳኖቹ ተቃጠሉ። ከአንዱ ድንኳን ሥር ጉድጓድ ውስጥ የተደበቁ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት ታፍነው ሞቱ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ክትባቱ የእነዚያን ሕፃናት ሂሳብ ይዘጋል? የተጠቀመው ሌላ፣ የተጎዳው ሌላ። በአንዱ ምስጋና የሌላውን ዕዳ ማጣፋት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ወጣቶች፣ እናንተም ስሙ። «ሀብታም ሁሉ ሌባ ነው» ማለት ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። የእኛን ሰው የሚያስጠይቀው አራተኛውን ወፍጮ ያስዘጋበት መንገድ እንጂ ሀብቱ አይደለም። አገራችን በ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፣ ቁጥሩም 813 ነው። ሰፈር ውስጥ አዋጁን የሚያነሳ የለም፤ ድንኳኑን ግን ሁሉም ያነሳል።

ለድንኳኑ እናመስግነው። በክረምት ለቅሶ ስንቀመጥ ዝናብ አስጥሎናል። የእናታችን ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

የሚቀጥለው ስብሰባ እሁድ ነው። ደግመው ከተነሡ እባካችሁ አስጨርሷቸው። ሰውየውም ይመጣል። ዋጋውን ለምን እንደጨመረ ራሱ ይንገረን።