ፓርኪንጉ ላይ የቀረችው መኪና

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሁድ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። የአንድ ሩጫ ቡድን ሰዎች ነን። ጥብሱም ቀርቧል፣ ቡናውም ተቀድቷል፣ ግን ማንም በደንብ አልበላም። የሚወራው ስለ አንዲት እህታችን ነበር፤ እሷ ደግሞ ገና አልደረሰችም።

ቡድናችን የዛሬ ሦስት ዓመት በአራት ሴቶች ነው የተጀመረው። ከሥራ በኋላ ስላይጎ ክሪክ ዳር ይራመዱ ነበር። ቆይቶ መራመዱ ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው ደግሞ የቅዳሜ ሩጫ። አሁን ሃያ ያህል ነን። አብዛኞቻችን ሩጫን የጀመርነው እዚህ አገር መጥተን፣ ሐኪም ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ግፊትሽ ጨምሯል ሲለን ነው። ዘንድሮ ስምንታችን ለማሪን ኮር ማራቶን ተመዘገብን። በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ የሚካሄደው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር ጀምሮ ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት የለውም፤ ለዚህም ነው የሕዝብ ማራቶን የሚሉት። እኛን ለመሰለ ሰው የሚሆን ውድድር ነው። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ 20ኛው ማይል አካባቢ የ14ኛው ጎዳና ድልድይ አለ። ቢያንስ በማይል 14 ደቂቃ እየሮጥክ ካልደረስክ ድልድዩ ይዘጋብህና አውቶቡስ ላይ ትጫናለህ። ስለዚህ ዘገምተኛ የሆነው ሁሉ በጋውን ሙሉ የሚያስበው ስለ ድልድዩ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በፍልሰታ መሀል በነበረው ቅዳሜ 16 ማይል ነበረብን። ከቤተዝዳ ተነስተን በካፒታል ክሬሰንት መንገድ ጆርጅታውን ወርደን፣ ኬኔዲ ሴንተር ደርሰን መመለስ። ይህ መንገድ ድሮ የዕቃ ባቡር ሐዲድ ነበር፤ የመጨረሻው ባቡር ያለፈበት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የባቡር መንገድ ስለነበረ ቁልቁለቱ አይታወቅም። ሰባት ማይል ሙሉ ቀስ እያለ ይዞህ ይወርዳል፣ አንተ ደግሞ ዛሬ ኮንዲሽኔ ጥሩ ነው ትላለህ። ሒሳቡ የሚመጣው ስትመለስ ነው። ዳገቱም እንደዚያው ቀስ ብሎ ነው፣ ግን አያልቅም። ነሐሴ ላይ ደግሞ የዲሲ ወበቅ አለ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ልብስህ በላብ ይርሳል።

እህታችን ጾመኛ ናት። ፍልሰታን እስከ ቅዳሴ እህል ውኃ ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። ይህን ለማንም አልነገረችም። ቁልቁለቱን ከእኛ ጋር ወረደች፤ ከአቅሟ በላይ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅነው። ከጆርጅታውን ስንመለስ ቀረት አለች። ዞር ብዬ አይቻታለሁ፣ እጇን አውለበለበችልኝ፣ ደህና ነኝ ማለቷ መሰለኝ። ፍሌቸርስ ኮቭ አጠገብ፣ ገና 5 ማይል ገደማ ሲቀራት፣ እግሯ እምቢ አላት። ተቀመጠች። አንድ የማታውቀው ብስክሌተኛ ሰውዬ ውኃና ጨው ያለበት ብስኩት ሰጣት። በላች፣ ጠጣች፣ ቀሪውን በእግሯ ሄደች። ስልኳ መኪናዋ ውስጥ ነበር። ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባት ፓርኪንጉ ስትደርስ የቆመችው የሷ መኪና ብቻ ነበረች። ሁላችንም ሄደናል።

ክርክሩን የጀመረው ከመካከላችን ፈጣኑ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ማራቶኑን ከ4 ሰዓት በታች መጨረስ የሚፈልግ። «እኔ በግልጽ ልናገር» አለ። «ሁለት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው የኔ የሆነው። እሱንም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው የማገኘው። በየውኃ መጠጫው አሥር አሥር ደቂቃ ቆሜ ሰው ከጠበቅኩ 16 ማይል ሮጥኩ አይባልም። አምስት ጊዜ ሦስት ሦስት ማይል ነው የሮጥኩት። እግሬ ይተሳሰራል። ማራቶን ላይ ማን ቆሞ ይጠብቀኛል?»

ከአራቱ መሥራቾች አንዷ፣ ነርስ ናት፣ ወዲያው መለሰችለት። «ስትመጣ እኮ ሁለት ማይል መጨረስ አቅቶህ ነበር። ማን ጠበቀህ? እኔ ነኝ ከኋላህ እየተራመድኩ ያደረስኩህ።»

ዝም አለ። እውነት ነበር።

«ደግሞ ቁሙ አላልኩም» ብላ ቀጠለች። «ፈጣኖቹ ውኃ መጠጫ ስትደርሱ ወደ ኋላ ተመለሱ። የመጨረሻዋን ሰው አግኙና አብራችሁ ኑ። እናንተም ማይል ትጨምራላችሁ፣ እሷም ብቻዋን አትሆንም። እህል ሳይቀምሱ ሲያድሩ ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ሌሊቱን ይጎድላል፤ ውኃ ደግሞ ከሌለ ልብ ይፈጥናል፣ በዚያ ወበቅ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሰው እዚያው ወድቆ ሊቀር ይችላል። ሥራዬ ነው፣ አይቼዋለሁ።»

ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን ጣልቃ ገባ። «እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን ጾማ መሮጧን ማን አወቀ? ጾሙ የሷና የእግዚአብሔር ነው፣ አላስገድዳትም፣ ግን 16 ማይል ባዶ ሆድ? የንስሐ አባቷን ጠይቃ ቢሆን ቅዳሜን እሮጣለሁና ምን ላድርግ ብላ፣ መልስ ይሰጧት ነበር። ወይም ሩጫውን ወደ ማታ ታዛውረዋለች። ጥፋቱን ሁሉ እኛ ላይ አትከምሪው።»

ይህን ጊዜ ጋሼ ነበሩ የተናገሩት። ጋሼ ድሮ አዲስ አበባ ለአንድ የጦር ክለብ ሮጠዋል። አሁን ጉልበታቸው አይፈቅድላቸውም፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ በማቀዝቀዣ ይዘው ይመጡልናል። በዚያች ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስለነበረ አልመጡም። ስኒያቸውን አስቀመጡና፤

«እንጦጦ ጫካ ውስጥ አትሌት ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሰልፍ ነው። አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌላው የፊተኛውን እግር እያየ በባሕር ዛፉ መሀል ይጠማዘዛል። ኢዚ በሆነ ቀን የሚመራው ሰው ከፈጠነ ከኋላ ይጮሁበታል። የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ይጮሁበታል። ቀስ የሚባልበት ቀን ቀስ ነው የሚባለው።» ወደ ፈጣኑ ልጅ ዞሩ። «አንተ ከ4 ሰዓት በታች ለመግባት በማይል ስንት ያስፈልግሃል?»

«9 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ።»

«ቅዳሜ በስንት ሮጥክ?»

«8፡45 ገደማ።»

«ታዲያ ማራቶኑን በየሳምንቱ እየተወዳደርክ አይደል? ለኦክቶበር ምን ይተርፍሃል? ረጅም ሩጫ ከውድድሩ ፍጥነት በማይል አንድ ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ ቢዘገይ አይጎዳህም። ይጠቅምሃል። እያወራህ የምትሮጠው ሩጫ ነው ረጅም ሩጫ ማለት።»

ልጁ አልተዋጠለትም። «እሺ ጋሼ፣ በ10 ደቂቃ ልሩጥ። እሷ የምትሮጠው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። አሁንም ያው ነው፣ እለያታለሁ።»

እዚህ ላይ ልክ ነበር፣ ማንም አላስተባበለውም።

ጋሼ አበበ ቢቂላን አነሱ። «አበበን ሁላችሁም የምታስቡት ባዶ እግሩን ብቻውን ሲሮጥ ነው። በ1952 ሮም ላይ ግን ሩጫው ከተጋመሰ ወዲህ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ነው የሮጡት። ጥሎት የሄደው መጨረሻው ላይ፣ ያኔ ጣሊያን ወስዳው የነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ ነው።»

«ይኸው!» አለ ልጁ። «ጥሎት ሄደ!»

ሁሉም ሳቀ፣ ጋሼም ሳቁ። «ሄደ እንጂ። ውድድር ነዋ! በውድድር ቀን ማንም ማንንም አይጠብቅም። ያቺ ልጅ ግን ቅዳሜ ከማን ጋር ነበር የምትወዳደረው?»

እህታችን የገባችው በዚህ መሀል ነው። ስንከራከር ከበሩ ሰምታለች መሰለኝ፣ ሰላም ብላ እንደተቀመጠች ነው የተናገረችው።

«አትጠብቁኝ» አለች።

ነርሷ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ «ቆይ አስጨርሺኝ» አለቻት። «ስትጠብቁኝ ይብስብኛል። ቆማችሁ ሳያችሁ ሸክም የሆንኩባችሁ ይመስለኛል፣ እፈጥናለሁ፣ ያኔ ነው የምወድቀው። የዚያን ቀንም ቁልቁለቱን ከእናንተ ጋር የወረድኩት ሰው አላስጠብቅም ብዬ ነው። በራሴ 12 ደቂቃ ተኩል ብሮጥ ድልድዩን አልፋለሁ፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ጾሜን አለመናገሬ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በሉኝ። አባንም ጠይቄያለሁ፣ ከእንግዲህ በጾም ቀን ረጅሙን አልሮጥም።» ትንሽ ቆየች። «የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ዳሌካርሊያ ዋሻ ውስጥ ብቻዬን ስሄድ፣ ፓርኪንጉ ላይ እንዳሉ ያወራሉ፣ ውኃ አለ፣ አንዱ ይስቃል እያልኩ ነው የሄድኩት። ያንን እያሰብኩ ነው የደረስኩት። ስደርስ ማንም የለም። አልቆጠራችሁኝም። ስንት ሆነን ሄደን ስንት ሆነን እንደተመለስን የቆጠረ ሰው የለም።»

ፈጣኑ ልጅ አንገቱን ደፋ። የልጁ ኳስ ጨዋታ ነበረበት፣ ቸኩሎ ነበር፣ ይህን ሊያነሳ ይችል ነበር፣ ግን አላነሳም። «ይቅርታ» አለ። ከዚያ በፊት ሰውን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ ብቻ ናቸው ሐሳብ ያመጡት። «ከዚህ በኋላ የመኪና ቁልፋችሁን ለኔ ስጡ። የሁላችሁንም። የመጨረሻው ሰው ካልገባ አልመልስም።»

ታክሲ ነጂው አልወደደውም። ትልቅ ሰው ቁልፉን እንደ ተማሪ አያስረክብም አለ። ሥራ ያለው አለ፣ ልጅ የሚያደርስ አለ። ነርሷ ደግሞ ጋሼ ያልመጡ ቀንስ ማን ይይዘዋል አለች። በዚህ ተነጋግረን ሳንጨርስ ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

እኔ ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ከሄዱት አንዱ እኔ ነኝ። ዞር ብዬ ያየኋትም እኔ ነኝ። እጇን ስታውለበልብ ደህና ነኝ ማለቷ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ምክንያቱም እንደዚያ ካልሆነ መመለስ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ያን እጅ ስንቴ እንዳሰብኩት አልቆጥረውም።

ስለዚህ የማስበውን ልናገር። ፈጣኑ ልጅ በፍጥነቱ መሮጥ አለበት፣ ቆሞ እንዲጠብቅ ማስገደድ ልክ አይደለም። የራሷን ቃል ከሰማሁ በኋላ ይህን ያለ ጥርጥር ነው የምለው። የዘገየውን ሰው ቆሞ መጠበቅ ደግነት የሚመስለው ለሚጠብቀው ነው፣ ለሚጠበቀው ግን ግፊት ነው። ነርሷ ያለችው ወደ ኋላ የመመለስ ነገርም ፈቃደኛ ለሆነና የሚጨምረው ማይል ላለበት ሰው ይሁን፣ ግዴታ አይሁን። ጋሼ ስለ ፍጥነት የተናገሩት ግን ለሁላችንም ነው። ያን ቁልቁለት ሁላችንም ከአቅማችን በላይ ነው የወረድነው፤ እኛ ቀስ ብለን ብንነሳ እሷም ከመጀመሪያው በራሷ ልክ ትይዘው ነበር። ቡድን ሲፈጥን ደካማውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ መጀመሪያ የሚታየው ግን በደካማው ላይ ነው።

መንገዱ ላይ መለያየት ይቻላል። ፓርኪንጉን ጥሎ መሄድ ግን አይቻልም። በዚህ አልደራደርም። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ገና ሳንነሳ ይናገር፣ ሌላው ይቆይ። አንድ ሰው በየሳምንቱ በተራ መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ስልክ ይያዝ፣ ውኃና ጄል (ሯጮች ለጉልበት የሚወስዱት ጣፋጭ) ይያዝ፣ ከሱ ኋላ ማንም አይኑር። ፈጣኑም ተራው ይድረሰው። ለሱ እንዲያውም ጋሼ የነገሩትን ቀስ ያለ ሩጫ የሚማርበት ቀን ይሆናል።

ቁልፉን በተመለከተ ታክሲ ነጂው ወዳጄ ያለው ይገባኛል። ለሌላው አስፈላጊ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን አንዴ ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝና እሰጣለሁ። የፊታችን ቅዳሜ 18 ማይል ነው፣ መጨረሻ ላይ የመሆኑ ተራ የኔ ነው። ትናንት ማታ ለጋሼ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። እህታችንም ጾሙ ስለተፈታ በሶዋን በማር በጥብጣ እንደምትመጣ ጽፋልኛለች። በ12 ደቂቃ ተኩል ነው የምንነሳው።