ኤልፉን ያሳለፈ ኬላ ፈረሰኛውን ከለከለ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚሰበሰብ አንድ የሮል ፕሌይ (ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የሚጫወቱት ጨዋታ) ቡድን ሐረርን አስመስሎ አዲስ የጨዋታ ዓለም እያዘጋጀ ነው። ጌም ማስተሩ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ውሳኔ አሳወቀ፤ በዚህ ዓለም የፈረሰኞች ማኅበር፣ ማለትም እንደ መነኩሴ መሐላ ፈጽመው የሚዋጉ ሰዎች ጓድ፣ የሚባል ነገር የለም። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ተጫዋች ካሰኘው «ፈረሰኛ» የሚል ማዕረግ ስሙ ላይ ይለጥፋል፣ ዳይሱ ላይ ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል፣ አለቀ። ምክንያት ተብለው የቀረቡት ሁለት ናቸው። ማኅበራቱ የፈረንጅ ስለሆኑ ለእኛ አገር አይሆኑም፤ ደግሞም ከካባና ከአርማ ሌላ ምንም የላቸውም።

ኧረ አቦ! እዚያው ዓለም ውስጥ እኮ ኤልፍ፣ ያ ጆሮው ሹል የፈረንጅ ተረት ፍጡር፣ አለ። ኤልፉ ከየት የመጣ ነው፣ ከጉርሱም? ድራጎኑስ የባቢሌ ተወላጅ ነው? ኤልፉ በኮንትሮባንድ ሲገባ ዝም ያለው ኬላ ፈረሰኛው ሲደርስ «ውረድ፣ ተፈተሽ» አለ። «ለእኛ አገር አይሆንም» ባዩ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ታሪክ ገልጦ መለሳይ የሚባሉትን ምርጥ ተዋጊዎች አላያቸውም ማለት ነው። በወዲያኛው ወገን ደግሞ የነገሥታቱ ጨዋ የሚባል ጦር ነበር፤ የየራሱን ስም ይዞ በየጠረፉ የሰፈረ፣ ከሰፈረበት አገር ግብር የሚበላ ጭፍራ። መነኮሳት እንዳልነበሩ አውቃለሁ። ግን ስምና መተዳደሪያ ያለው የተዋጊ ጓድ ለዚህ ምድር እንግዳ ነው ብሎ ጀጎል ግንብ ሥር ቆሞ ለመናገር ደፋር መሆን ያስፈልጋል።

ይበልጥ ያናደደኝ የካባው ነገር ነው። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ የሆኑት ቴምፕላሮች እ.ኤ.አ. በ1119 ገደማ ኢየሩሳሌም ላይ ሲጀምሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ኃይል የሆናቸው ነጭ ካባው አይደለም፤ በ1139 የሮሙ ጳጳስ የሰጣቸው መብት ነው። አሥራት አይከፍሉም፣ የአካባቢው ጳጳስ አያዝባቸውም፣ ተጠሪነታቸው ለሮም ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ንጉሥ በገዛ ግዛቱ ውስጥ መሬት፣ ምሽግና ገንዘብ ያለው፣ ለእሱ ግን የማይታዘዝ ጎረቤት አገኘ ማለት ነው። ዕዳ የበዛበት የፈረንሳዩ ፊሊጶስ አራተኛ ኦክቶበር 13 ቀን 1307 በአንድ ንጋት አሳፈሳቸው፤ በ1312 ማኅበሩ ፈረሰ። ሌላው ማኅበር፣ ሆስፒታለሮቹ፣ ደግሞ በሽተኛ ተሳላሚ ሲያስታምሙ ጀምረው ሮድስን ገዙ፤ ከ1530 አንስቶ ናፖሊዮን በ1798 እስኪያስወጣቸው ድረስ ማልታን ገዙ። ካባና አርማ ደሴት ይገዛል?

ይህንን ለመረዳት ደግሞ ከድሬ ልጅ የሚቀድም አልነበረም። ከተማችንን የወለዳት ምድር ባቡር ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለባቡሩ ኮንሴሽን (የሥራ ፈቃድ) ሰጡ፤ በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ። ኩባንያው ጋራዡና ሠራተኛው እዚህ፣ አለቆቹ ግን ፓሪስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር መዋዋሉ ሲሰማ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጡ፤ ገንዘቡም ተመናምኖ ስለነበር ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ተገተረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ያ ኩባንያ ሰይፍ ታጥቆ፣ መሐላ ምሎና በሰዓቱ የሚጸልይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምን እንለው ነበር? የፈረሰኞች ማኅበር ማለት ይኸው ነው። ለገሀር አጠገብ ያደገ ሰው ይህ ጠፍቶት «ጌጥ ነው» ሲል መስማት ያሳፍራል።

አሁን ይህንን ወደ ጨዋታው አምጡት። ከአምስቱ በሮች አንዱን፣ ኤረር በርን እንበል፣ ለማኅበሩ ስጡት። የዛሬው አሚር አያት በጦርነት ጊዜ ዕዳ መክፈል ቢያቅታቸው የበሩን ቀረጥ ለማኅበሩ ለቀዋል። የማኅበሩ አለቃ ባሕር ማዶ ተቀምጧል። ግንቡ ውስጥ ድሃ በነጻ የሚታከምበት ቤት አላቸው፣ ከጎኑም የእህል ጎተራ። ድርቅ ገባ። አሚሩ ጎተራው ይከፈት አለ፤ ባሕር ማዶ ያለው አለቃ አይከፈትም ብሎ ላከ፤ ሕዝቡ በሩ ላይ ተሰብስቧል። የጎተራው ቁልፍ ያለው ደግሞ መሐላ የፈጸመው ተጫዋች ወገብ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ የአንድ ሌሊት ጨዋታ ያለው ካለ ያምጣ! በዚያች ሰዓት ሁለት ነጥብ ምን ትሠራለታለች?

ጌም ማስተሩ «ማኅበር ከፈቀድኩ ሁሉም አለቃ ልሁን ይላል» ብሎም ተከራክሯል አሉ። ይህች ብቻ ትንሽ እውነት አለባት፣ ግን መድኃኒቷም ከዚያው ከማኅበራቱ ሕግ ይገኛል። ቴምፕላር የግሌ የሚለው ንብረት አልነበረውም። ያንኑ ደንብ አስገቡና ድራጎኑን ገድሎ ያገኘውን ወርቅ ሳይቆነጥር ለማኅበሩ ግምጃ ቤት የሚያስረክብ ፈረሰኛ እጁን ያውጣ በሉ። ስንት እጅ እንደሚወርድ ያኔ እንቆጥራለን።