ረፋድ ስኪ፣ ከሰዓት ቢራና ምግብ

ስለ ፀደዩ ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) እና ቢራ ጠማቂዎች ቢራቸውን ከምግብ ጋር ስለሚያቀርቡበት ግብዣ የጻፋችሁትን ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ ግን ዋናው ሰዓቱ ነው። በስኪው ወቅት ማብቂያ በረዶው ሌሊት ይጠጥራል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ይለሰልሳል፣ ከሰዓት ውሃ ያዝልና እግር ይይዛል፤ ስለዚህ ረፋድ ተንሸራቶ ከዚያ ወደ ምግቡ መውረድ ነው የሚያዋጣው። ስኪ የፈረንጅ ብቻ ነው ላላችሁት ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም እኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል!

እኛ ጋ የሚንሸራተቱበት በረዶ የለም። ብርዱና ገብሱ ግን ሞልቷል፣ ዳሸንም ሐበሻም እዚሁ ከተማ ይጠመቃሉ። ከፋሲካ በኋላ መንዝ ጓሳ ወደተባለው ጥብቅ ስፍራ ወጥታችሁ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ እያያችሁ በእግር ዙሩና ማታ ደብረ ብርሃን ጥብስ በቢራ ብሉ። በናታችሁ ይህንንም ጻፉልን፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ ብላችሁ ጨምሩበት።