«ብትበርም ፍየል ናት» ላለው ሰውዬ ሐውልት ይቁምለት

ሰውየው ምን አጠፋ? ሩቅ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየና ፍየል ናት አለ። ጓደኛው የለም፣ አሞራ ናት አለው። ነገርየዋም ክንፏን ዘርግታ እልም አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ውይ፣ አሞራ ኖራለች» ብሎ ጨዋታውን ያበላሸው ነበር። እሱ ግን «ብትበርም ፍየል ናት» ብሎ ቋንቋችንን አበለጸገ። ልክ የነበረውን ጓደኛውን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

እኔም እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ፣ እድሜ ይስጠውና። ባለፈው ስንከራከር መሮኝ «ዶግማቲክ ነህ» አልኩት፣ ካልኩት ንቅንቅ አልልም ባይ ነህ ለማለት። አልተቆጣም። እንዲያውም ቃሉን ሊያስረዳኝ ወንበሩን አስጠጋ። «ዶግ ማለት ውሻ አይደል? ዶግማ ማለት እንግዲህ አንዴ የነከሰውን የማይለቅ ማለት ነው» አለኝ። ፈገግ እንኳን አላለም።

እኔ ሞኙ ስልኬን አውጥቼ መዝገበ ቃላት ከፈትኩለት። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ዶኬይን» ከሚል ግስ ነው የመጣው፣ እሱም «መሰለ» እንደማለት ነው። ዶግማ ሲጀመር «ለእኔ እንዲህ መሰለኝ» ተብሎ የሚያዝ ሐሳብ ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ «መሰለኝ» የምትል ቃል ከአፉ የማትወጣን ሰው የምንጠራበት ስም ራሱ ከ«መሰለኝ» ነው የተወለደው! ከዚያ ቃሉ ሹመት አገኘ፣ የሸንጎና የንጉሥ ውሳኔ መጠሪያ ሆነ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር የወጣችው ትእዛዝ በግሪክኛው ዶግማ ነው የምትባለው። ለነገሩ ቄሣር የመሰለውን ከተናገረ ሌላው ምን ምርጫ አለው? የእኔ ወዳጅም ያው ነው፣ የጎደለው ሠራዊት ብቻ ነው።

(የሃይማኖቱን ዶግማ እዚህ ውስጥ አትክተቱብኝ። አባቶች እኮ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ ተሰብስበው፣ ተከራክረው ነው የወሰኑት። የወዳጄ ዶግማ ጉባኤ አያሻውም፤ ሻወር ውስጥ ታስቦ፣ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይጸድቃል።)

ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሂዩም የሚባለው ሌላ ፈላስፋ ከዶግማ እንቅልፌ ቀሰቀሰኝ ብሎ በአደባባይ አመነ። ምስኪን፣ ያን የመሰለ እንቅልፍ! ወዳጄ ቢሆን ሂዩም ሲያንኳኳ ቢያድር በሩን አይከፍትለትም።

ይህን ሁሉ አንብቤለት ስጨርስ ስልኬን ተቀበለኝ። ገለበጠው፣ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና «የት ነው የገዛኸው?» አለኝ።

«ምን አገናኘው?»

«አይ፣ ፎርጅድ ነው መሰለኝ።»