ምን አድርጋው ነው?

ጥር ላይ ደሴ ገብቼ ሮቢት፣ እህቴ ቤት ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉሙን ሳይገፍ ነው የሚነጋው። ሜልበርን ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው፤ የደሴ ብርድ ግን አልረሳኝም። በሦስተኛው ቀን እህቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራራ። እጣኑ ጨሰ፣ ፈንዲሻው ቀረበ፣ አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ላይ አንዷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የዚያ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ሚስት እኮ ጥርሷ ወልቆ እናቷ ጋ ገባች አሉ።»

ጀበናው አጠገብ የተቀመጡት እናት ስኒያቸውን እንደያዙ፣ «ምን አድርጋው ነው?» አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ልጅ ሆኜ ስታመም እናቴን አሳርፈው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያደሩ ሴት ናቸው። ጥያቄውም ከክፋት አልመጣም። «እንዴት አደርሽ» እንደሚባለው፣ ሳይታሰብ ነው የወጣው። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ከዚያ ሌላዋ ተቀብላ፣ ቤት መዋል አትወድም ነበር አለች። ሦስተኛዋ፣ ስልክ ታበዛለች አለች። ቶናው ሳያልቅ ጥርሷ የወለቀው ሴት ተከሳሽ ሆና ተፈረደባት። የመታት ሰው ስም አንዴም አልተነሳም።

የእህቴ ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። የምትሠራው ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ «ዋን ስቶፕ» በሚሉት ክፍል ነው። ጥቃት የደረሰባት ሴት ከቢሮ ቢሮ እንዳትንከራተት ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የሥነ ልቦና ባለሙያው ተቀናጅተው የሚሠሩበት ቦታ ማለት ነው። ስልኳ ጠራ። «እሺ፣ እዚያው ጠብቂኝ፣ ወደ ቤት እንዳትመለሺ» አለችና በሩ አጠገብ የተሰቀለ ጥቁር ቦርሳ አንስታ ወጣች። በረካውን አልጠጣችም።

በሩ ሲዘጋ እኚያው እናት ወደ እህቴ ዞር ብለው፣ «ልጅሽ ጨዋ ናት፣ አላህ ያሳድጋት። ግን ይሄ ትዳር የማፍረስ ሥራ ይቅርባት» አሏት። እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ማለት አልነበረብኝም። የኔም እንጀራ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

ሜልበርን ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ብዙውን ጊዜ ግን በስልክ እሠራለሁ። ከሚደወልልኝ ቦታዎች አንዱ በትዳሯ ጥቃት የደረሰባትን ሴት የሚረዱ ሠራተኞች ያሉበት ነው። ምስጢር ስለሆነ የማንንም ታሪክ አልነግራችሁም። ቃላቱን ግን ልንገራችሁ። «መታኝ» ብላ የምትጀምር ሴት ጥቂት ናት። «ቀጣኝ» ይላሉ። «ትንሽ ተጋጨን» ይላሉ። «እጁ ፈጠን ይላል እንጂ ልቡ ጥሩ ነው» ይላሉ። እኔ የተባለውን ብቻ ነው የማሻግረው፤ መጨመርም መቀነስም አልችልም። ስለዚህ «ቀጣኝ»ን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አሻግራለሁ፣ ባሻገርኩ ቁጥርም ጉሮሮዬ ይደርቃል። የሚቀጣ ካለ ያጠፋ አለ ማለት ነዋ።

ከስልኩ ማዶ ያለችው ሠራተኛ ግን «ምን አጥፍተሽ?» አትልም። መጀመሪያ፣ «አሁን ብቻሽን ነሽ? ማውራት ትችያለሽ?» ትላለች። ቀጥላ፣ «በእጁ ምን አደረገ? አንገትሽን አንቆሽ ያውቃል?» ብላ ትጠይቃለች። አንገት ማነቅ ብዙ ጊዜ ለዓይን የሚታይ ምልክት የማይተው ነገር ነው። ያነቀ ሰው ግን ኋላ የመግደል ዕድሉ ከሌላው እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ጥያቄው አይዘለልም። ከዚያ ስለ ገንዘብ ትጠይቃለች፤ የባንክ ካርድሽ ማን ጋ ነው ትላለች። ልጆቹ ሲሰሙ የት ነበሩ ትላለች። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ ብር መከልከልን፣ ማስፈራራትን፣ ልጅ እንዲሰማ ማድረግን ሁሉ ጥቃት ይለዋል። ይህን ለእኛ ሴቶች ስተረጉም ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ አንድ ነው። «ይሄማ ጠባዩ ነው እንጂ!»

የነጭ አገር ገነት ነው ልላችሁ አይደለም። አውስትራሊያም የራሷ «ምን አድርጋው ነው» አላት። እዚያ «ለምን ጥላው አልሄደችም?» ነው የሚባለው። መልሱን ሠራተኞቹ ያውቁታል። ሴት የመገደል አደጋዋ ይበልጥ ከፍ የሚለው ልትወጣ ስትል ወይም ከወጣች በኋላ ነው። ጥያቄው ግን አሁንም አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለሷ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እሱን የሚጠይቀው ማንም የለም።

እዚያ አገር ነገሩን የቀየረችው አንዲት እናት ናት። ሮዚ ባቲ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014፣ 11 ዓመት የሞላውን ልጇን ሉክን አባቱ የክሪኬት ልምምድ ሜዳ ላይ ገደለው። በማግሥቱ ደጇ ላይ ቆማ ለጋዜጠኞች ተናገረች። ይህ ነገር ቤትሽ ቢያምር፣ ብትማሪ፣ ማንም ብትሆኚ ይደርስብሻል አለች። አላፈረችም። አገሩ ደነገጠ። በ2015 የዓመቱ አውስትራሊያዊት ተብላ ተመረጠች። በዚያው ዓመት ቪክቶሪያ ትልቅ የምርመራ ኮሚሽን አቋቋመች፤ በመጋቢት 2016 ኮሚሽኑ 227 ምክረ ሐሳቦች ይዞ ወጣ። ከየካቲት 2023 ጀምሮ ደግሞ ሠራተኛ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት በዓመት 10 ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ በሚያዝያ 2024 በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ግድያ አልቆም ብሎ ሕዝቡ በየከተማው አደባባይ ወጣ። ማረፊያ ቤቱ ሲሞላ ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ሞቴል ያሳድሯቸዋል። ሠራተኞቹም ይደክማሉ። ከጥሪ በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ የሰማኋት አለች። «ይቅርታ፣ ዛሬ ሰባተኛዬ ነው» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። እዚያ ይህ ሥራ ሙያ ነው። ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 ሲድኒ ውስጥ ጥቂት ሴቶች ግሌብ ሰፈር ሁለት ባዶ ቤት ሰብረው ገቡ፣ «ኤልሲ» የተባለውን የመጀመሪያ የሴቶች መጠለያ ከፈቱ። ያኔ እነሱንም ቤተሰብ ታፈርሳላችሁ የሚላቸው ሞልቶ ነበር። ደሴ እህቴ ቤት የሰማሁት ቃል ከሃምሳ ዓመት በፊት ሲድኒም ተብሏል። የእኛ አገር ታሪክም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ዳኛ የነበሩት ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን መሠረቱ። ችሎት ላይ ፈርደው ማታ ሴቲቱ የት እንደምታድር ያሳሰባቸው ሰው ናቸው ብዬ አስባለሁ። ውሳኔ አልጋ አይሆንማ።

በማግሥቱ የእህቴን ልጅ ቦርሳዋን አሳዪኝ አልኳት። ያ ጥቁር ቦርሳ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር።

አልጋው ላይ ዘረገፈችልኝ። አንድ ነጠላ። ሁለት የውስጥ ሱሪ፣ ከነመሸፈኛው። የንጽሕና መጠበቂያ። ብስኩት፣ ለልጅ። ስልክ ቻርጀር፣ ሦስት ዓይነት ጫፍ ያለው። የባጃጅ ዝርዝር ብር በላስቲክ ታስሮ። ከታች ደግሞ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ 37 ቁጥር እና 39 ቁጥር።

«ጫማው ለምንድነው?» አልኳት።

«በሌሊት የምትመጣ ሴት ጫማ አድርጋ አትመጣም፣ አክስቴ። በሩ ሲከፈትላት ነው የምትሮጠው።»

«38 ቁጥርስ?»

«ባለፈው ሳምንት ወጣ።»

ማን እንደሚገዛው ጠየቅኳት። ሳቅ አለችና ቦርሳውን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። ከደመወዟ ነው። ለእናቷም አልነገረችም፤ እህቴ የደመወዙን ልክ ስለምታውቅ ትቆጣለች ብላ። በወር ስንት ጊዜ ሌሊት እንደምትጠራ፣ ስንት ጊዜ ባል ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ እንደዛተባት፣ ሰፈር ውስጥ «ቤት አፍራሽ» ሲሏት ምን እንደሚሰማት ቀስ እያለች ነገረችኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሳይገባ፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ ሲሰፍር፣ ገና ተማሪ ሆና በበጎ ፈቃድ ታገለግል ነበር። በወታደር ከተደፈሩት ሴቶች ጋር ተቀምጣ አልቅሳለች። «ያኔ ሰው አዝኖ ነበር አይደል?» አልኳት። «አዝኖ ነበር። ግን ያኔም 'ሌላው ሲሸሽ እሷ ምን ስትሠራ ቀረች' ያለ አለ» አለችኝ። ጠላት መሣሪያ ይዞ መጥቶም ጥያቄው ለሷው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶው፣ ወጥ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ሳትነግረው ከወጣች፣ ልጆቹን ችላ ካለች ወይም አብራው መተኛት እምቢ ካለች፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ ነው ብለዋል። ከወንዶቹ እንዲህ ያለው 28 በመቶ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተገልብጦ የተጻፈ መሰለኝ። አሁን ግን የገባኝ ይመስለኛል። «ምን አድርጋው ነው?» ፍርሃት ነው። ያደረገችውን ካወቅኩ እኔ አላደርገውም፣ እኔን አይነካኝም ማለት ነው። ወጡን አላሳርርም፣ ስልክ አላበዛም፣ እድናለሁ። ልጅ ሆነን ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሴት ስትጮህ እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርግ ነበር። «የሰው ገበና ነው» ትለን ነበር። በማግሥቱ ያቺ ሴት ዓይኗ አብጦ እርሾ ልትበደር ስትመጣ፣ እናቴ እርሾውን አንድ ጣሳ ሞልታ ሰጠቻት። ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም።

ሕጉ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። የእህቴ ልጅ ግን ፋይሏ መሃል ላይ የሚቋረጠው ሽማግሌ ሲገባ ነው ትላለች። ወሎ እርቅ የሚያውቅ አገር ነው። አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ያደረቀ አገር ነው። በዚህ ስኮራ ነው የኖርኩት፣ አሁንም እኮራለሁ። ግን በሁለት ጎሳ መሃል የሚሠራው እርቅ፣ ባልና ሚስት አንድ ቤት ተመልሰው ማታ በር ሲዘጋባቸው አይሠራም። ሽማግሌው መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሁሉም ሽማግሌ አንድ ዓይነት አይደለም። እሷ የምታውቃቸው አንድ አባት አሉ። ለእርቅ ሲጠሩ መጀመሪያ ባልየውን ለብቻው ያስቀምጡትና፣ «አንተ ምን አደረግክ? ከራስህ አፍ ልስማው» ይሉታል። ሚስቱ ምን እንዳለች መናገር ሲጀምር ያስቆሙታል። «ስለ እጅህ ነው የጠየቅኩህ» ይሉታል። ሆስፒታል የሰጣትን ወረቀት ሳያዩ፣ ልጅቷም መመለስ እንደምትፈልግ ብቻዋን ሳይጠይቋት ለእርቅ አይቀመጡም። ሜልበርን ሰው ለዲግሪ ብሎ የሚማረውን፣ እኚህ አባት ሀድራ በሚባለው የዱዓ ጉባኤ ላይ በበሰለ አእምሮ አግኝተውታል። የእህቴ ልጅ «እሳቸው ሲገቡ እኔ እንቅልፍ እተኛለሁ» አለችኝ።

ሰኞ ገበያ ወረድኩና ከ36 እስከ 40 ቁጥር ሃያ ጥንድ ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ሻጩ ሱቅ ልትከፍቺ ነው ወይ አለኝ። ለእህቴም ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ከደመወዟ? ለሰው ጫማ?» አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ የታጠፈ ጋቢ ይዛ ነበር። «ይሄ ደሴ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል» አለች። ጋቢውም ቦርሳው ውስጥ ገባ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ቡና ደግሞ ተፈላ። እናትየው መጡ። የባጃጁ ልጅ ሚስት ነገር እንደገና ተነሳ። በዚህኛው ዝም አላልኩም። «እሱስ ምን ሆኖ ነው የመታት?» አልኩ። ጸጥ አለ። የከሰሉ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ የት እንደምትሄድ፣ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ነገርኳቸው። ጫማውን ስነግራቸው እናትየው ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። ብዙ ቆይተው ለማንም ሳይሆን ተናገሩ።

«በኛ ጊዜ እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችማ።»

ማንም ምንም አላለም። እህቴ በረካውን ቀዳች። የመጀመሪያውን ስኒ ለልጇ ሰጠቻት።

ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ስንወርድ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ስልኬ ተንጫጫ። የእህቴ ልጅ ናት። «ትናንት ማታ 38ቷ ወጣች። ጋቢውም አብሮ። ደህና ግቢ፣ አክስቴ።»